ሃያ ፍሬ ሰሊጥ

ስልኬ የጮኸው በቀትር ነው፣ ድሬ በሯን ዘግታ፣
ጥላ ከእግር ሥር ተሸሽጎ፣ መንገዱ ሁሉ አንቀላፍታ።
«ና እስቲ» አለች ኢፍቱ፣ ከከዚራው ክሊኒክ ካርድ ክፍል፣
«ያንተ ነገር እኮ ጠፋብኝ።
አልተበላሸም። አለ። ግን የለም።»

ሄድኩ።
አዲስ ስክሪን ገዝተዋል፤ ሮብሌ ከጅቡቲ ያስመጣው፣
የማንጎ ዛፍ ፎቶ ከፍተውበታል፣
የቅጠሉ ጅማት ሳይቀር ይቆጠራል።
እዚያ መሃል የአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ
ቴምብር አክሎ፣ ጥግ ይዞ፣ ኩርምት ብሎ፤
ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ፣
«አስቀምጥ» እና «ሰርዝ»
ትከሻ ለትከሻ እንደ ተጣበቁ ሁለት ምስሮች።

ኢፍቱ ከመሳቢያዋ አጉሊ መነጽር አወጣች፣
የአባቷ ነው፤ መጋላ ሰዓት ይጠግኑበት የነበረ።
«ዛሬ ጠዋት» አለችኝ፣
«እትዬ ሉሉ ቀርባ ስሟን ስትነግረኝ
የሊሊን ካርድ ላክሁላት።»

ሉ እና ሊ።
አንዷ ቅጥያዋን ከወገቧ ያሰረች፣
አንዷ ከእግሯ ሥር የጣለች፤
ሁለት ሰው የሚለየው በዚያች ጭረት ነው።

«ክብደት፣ አሥራ አምስት ኪሎ» ይላል ካርዱ።
ሐኪሙ ቀና ብሎ አያትና ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤
«እኔ ግን» አለች ኢፍቱ «አልሳቅሁም።
ሁለቱም ልጆች ቢሆኑስ?»

መጀመሪያ ሰነፉን መንገድ ሞከርኩ፤
እንዳለ በእጥፍ ለጠጥኩት።
ተለቀ፣ አዎ፤
ግን እንባ ባቀረረ ዓይን እንደሚታይ፣
ዳሩ የሟሟ፣ ሉሉም ሊሊም ጭጋግ ለብሰው።
«ጥሩ» አለች፣ «አሁን ደግሞ ትልቅ ጉም ሰጠኸኝ።»

የድሮ ኮዴን ከፈትኩት።
ሃያ፣ ሃያ፣ አሥራ አንድ፣ ሃያ።
ቁልፉ ሃያ ነጥብ ይርዘም፣ ፊደሉ አሥራ አንድ ነጥብ ይቁም።
በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በንስር ዓይኔ ነው የጻፍኩት፣
ነጥብ ማለት ለዘላለም ያው ነጥብ ነው ብዬ፣
ዓይንም ለዘላለም ያው ዓይን።
(ይህን ያነበብኩት በሰዓት ሠሪው አጉሊ ነው፤
መነጽሬን ቤት ረስቼ።)

ከበሩ ማዶ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣
የባቢሌ ለውዝ የምትቸረችር ሴት አለች፤
ከለውዙ ጎን ሰሊጥ።

ሃያ ፍሬ ለውዝ እፍኝ ይሞላል፣
ሃያ ፍሬ ሰሊጥ ጥፍር ሥር ይቀራል።
ቁጥሩ መች ዋሸና፣ ፍሬው ነው ያነሰ፤
ፍሬ የሚቆጥር ነው ሰው ባዶ የመለሰ።

እሷማ አትቆጥርም።
ለውዝም ይሁን ሰሊጥ ያቺው የዛገች ጣሳ፣
አፏ ድረስ፣ ዓይናችን እያየ።

ሦስት ማታ ፈጀብኝ፣
ከደቻቱ በኩል ነፋስ ሲነሳ እየጀመርኩ፣
ያንን ሁሉ ሃያ አንድ በአንድ እየነቀልኩ።
አሁን ፕሮግራሙ ገና ሲነቃ ስክሪኑን ይጠይቃል፦
ነጥብህ ምን ያህል ደቃቅ ነው?
ከዚያ ነው የሚሰፍረው፤
ቁልፉን በጣት ጫፍ፣
ፊደሉን በዓይን ልክ፣
ከጉሙ ሳይለጥጥ፣ ጭረት በጭረት እንደ አዲስ እየሣለ።

በአራተኛው ቀን ኢፍቱ ወንበሯን ገፋች፣
ጀርባዋ ግድግዳውን እስኪነካ።
ከዚያ ሆና አነበበች፣ ሳታጎነብስ፣ ዓይኗን ሳታጠብ፦
ሉ፣ ከወገቧ።
ሊ፣ ከእግሯ ሥር።
«እትዬ ሉሉ!» ብላ ወደ ኮሪደሩ ተጣራች።
አንዲት ሴት ሽቲዋን ሰብስባ ተነሳች፣
ካርዱም የራሷ ነበር፣ ክብደቷም።

የማተሚያውን ምልክት ረስቼዋለሁ፤
ከላይ ጥግ ላይ አንድ ጉንዳን ቀርቷል።
ነገ እመለስበታለሁ አልኳት።
«እሺ» አለችና አጉሊውን በጨርቅ ጠቀለለችው፣
መሳቢያው ውስጥ አኖረችው፣
አልቆለፈችበትም።
«ለሚቀጥለው ስክሪን» አለች።