የሥራ ድርሻ

ሻርጃ፣ ከኾሩ ዳር፣ ጎማ ያጨቀ ቤት፣
ከማታ አንድ ሰዓት እስከ ንጋት አሥራ ሁለት
የዘብ ወንበር አለኝ፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረለት።
ቀን ጀልባዎቹ ሽንኩርትና ፍሪጅ ይጭናሉ፣
ሌት ገመዳቸውን እያመነዠኩ ይተኛሉ።
እኔ እጽፋለሁ።

በዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ ጀርባ፣
የአንዲትን ታሪክ፣ የጠረፍ ጀልባ፤
ቁጥሯ አሥራ ሰባት፣ ስም ያልወጣላት፣
እኛ ግን «እትዬ» ነበር የምንላት፤
ሞተሯ ሲነሳ ደረቅ ሳል የሚያስላት።

የጦር ክፍል ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ አላጣሁም፤
መቼ ተቋቋመ፣ ማን አዘዘ፣ የት ዘመተ፣
ስንት ማረከ፣ ስንት ሞተ።
አንብቤአለሁ፤ በጠንካራ ልባስ፣ በወርቅ ቀለም፤
በዚያ ውስጥ ሽንት ቤት ያጠበ ሰው የለም።

ስለዚህ ከታች ጀመርኩ።
ድንበሩ፣ ሞተረኛ፤ ግራ ጆሮውን ለናፍጣ ገብሮ
ሚስጥር ሲነግርህ ወደቡ ሁሉ የሚሰማው አብሮ።
ሙሔ፣ የሬዲዮ ሰው፣ የባቲ ልጅ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ
ባዶ ሞገድ ከፍቶ «ካፊያ ነው» እያለ የሚተክዝ።
ተኳሾቹ ሁለት ናቸው፤ ስማቸውን ሁሉም ያውቃል፤
በሌላ ሰው መጽሐፍ ተጽፏል፤ ይበቃል።
እኔስ? ግምጃ ቤት። ብርድ ልብስ ቆጣሪ፣
የሳሙና ዳኛ፣ ክብሪት አሳዳሪ።

ባለፈው ዓርብ አንዲት ልጅ መጣች፤
ሙዌይለህ ውስጥ የሰው ሕፃን ታሳድጋለች።
«ትርሲት እባላለሁ፤ የጓንጉል ልጅ ነኝ።
እናቴ መትረየስ ተኳሽ ነበር ትለኛለች፤
ፎቶው ግድግዳችን ላይ አለ፣
መሣሪያ ግን አልያዘም። ጣሳ ነው የያዘ።
ለምን?»

መዋሸት ይቀል ነበር።
«አባትሽ» አልኳት፣ «ውሃ አዳይ ነበር።»
ፎቶው ከሚስማሩ ሲላቀቅ ፊቷ ላይ አየሁ።

ከዚያ ነገርኳት። ወደቡ በወደቀ ሌት
ሠላሳ አንድ ሆነን ወጣን፤
በሁለተኛው ቀን የእትዬ ሳል ተቋረጠ።
ስንጠብቀው የኖርን ባሕር እኛን ይጠብቅ ጀመር።
ስድስት ቀን። አንድ በርሜል፣ ግማሹ ዝገት።
ተኳሾቹ ጥይት ነበራቸው፤ ምን ይተኩሱበት?
አዛዣችን ማን እንደ ሆነ ያኔ ነው ያወቅነው፤
በማዕረግ ትንሹ፣ ጣሳ የያዘው ነው።
ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ጣቱን ከጣሳው ከቶ፣
እስከ ሁለተኛው አንጓ ለክቶ፣
ለመቶ አለቃውም ለድስት አጣቢውም እኩል ሰጥቶ።
አንዱ ተኳሽ ሽጉጥ መዘዘበት።
«ተኩስ» አለው ጓንጉል፣ «በርሜሉን ብቻ እንዳትመታ።»

የራሱን መጨረሻ ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ይጠጣል።
ስንቴ ጠረጠርነው! ቆጣሪ ነኝና
ጉንጩን ቆጠርኩበት፣ ከኋላ፣ ከጉሮሮው ንቅናቄ።
ይብለጥ ይነስ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።
ይህን ለልጁ አልነገርኳትም።

በሰባተኛው ንጋት የየመን አሸዋ ነካን፣
ሠላሳ አንዳችንም።
እሱን በኋላ፣ በድንኳን ውስጥ፣ ወባ ወሰደው፤
የመጨረሻ ቃሉ ስለ ውሃ አልነበረም፤
«ጫማዬን ማን ወሰደው?» ነበር።

ልሸኛት ወጣሁ። ሙቀቱ ሌትም አይተኛ።
ከመስጊዱ አጥር ላይ ለመንገደኛ የቆመ ውሃ አለ፤
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣
ኩባያው በሰንሰለት ታስሯል።
ቀዳች። ቆመች።
ጣቷን ከተተች አልከተተች፣ አላየሁም፤
ጀርባዋን ሰጥታኝ ነው የጠጣችው።

«ደመወዙ ስንት ነበር?» አለች አፏን እየጠረገች።
ከተኳሹ በአምስት ብር ያነሰ።
«ለእናቴ ግን አትንገር።»

ወንበሬ ላይ ተመልሼ፣ በቀረችኝ ደረሰኝ፦
ጓንጉል ይማም፣ አስር አለቃ፤ የሥራ ድርሻ፣ ውሃ—
«አዳይ» የሚለው ጠርዙ አልበቃውም፤ ቀረ።