እስኪያባራ

ጅማ ሰማዩ ሲከፈት፣ ከጅሬን ወርዶ ሲመጣ፣
የድሮ ክፍላችንን ቆርቆሮ በሺህ መዶሻ ሲቀጣ፣
ቲቸር ጣሃ ይናገራሉ፤ አፋቸው ሲላወስ እናያለን፤
ድምፃቸው የለም፤ ከንፈራቸውን ደብተር ላይ እንገለብጣለን።
ኋላ ይታክታቸውና ጠመኔውን ኪስ ከትተው፣
እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ፣ ፊታቸውን ለመስኮት ሰጥተው።
እኛም ስም አወጣንለት፤ “የዝናብ ክፍለ ጊዜ” አልነው፤
በሳምንት አምስት ስድስቴ፣ ከሂሳብ ይልቅ እሱን ተማርነው።

የትሪጎኖሜትሪውን ምዕራፍ ሙሉውን ዝናብ ወሰደብኝ፤
ነዳፊ ሆኜ እንኳ ዛሬ፣
የጣሪያ ተዳፋት ስለካ ያ ጉድለት ቀድሞ ይታየኝ።

አምና በየካቲት ጠሩኝ። “አዲስ ሁለተኛ ደረጃ
ይሠራል” አሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ የአፈሩ መረጃ፤
ጥቁር አፈር፣ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣
ሰው ወደታች ካልቆፈረ ግድግዳን የሚያስጨንቅ።
እኔ ግን መሠረት አልታየኝም፤ ከላይ ነበር የጀመርኩት፤
በባዶው ወረቀት ላይ፣ ከሁሉ በፊት፣ ኮርኒሱን ሣልኩት።
መሐንዲሷ ፈቲያ ሳቀች፦ “ቤት ከጣሪያ ሲጀመር
ዛሬ አየሁ!” አለች። ዝም አልኩ። ምን ልነግራት ነበር?

ከሦስት ወር በኋላ ንድፉ ከቢሮ ተመለሰ፤
በአንድ ቀይ የእስክሪብቶ መስመር ኮርኒሱ ሳይሠራ ፈረሰ።
“በጀት የለም” ይላል ግርጌው፣ “ኮርኒስ ቅንጦት ነው፤ ይቅር።”
ቅንጦት!
ፈራሚው መቼም አልተማረም ክረምት በጅማ ሰፈር።

ሥራው ሲጀመር ጥቅምት ነበር፤ ጭቃው ገና ቡት ይቀማል፤
ፎርማን ዲኖ ያፏጫል፤ የባህር ዛፍ መወጣጫ ይቆማል።
ፈቲያ ከጉድጓዱ ሥር ሆና ቀይ አፈር እስኪታይ ጮኸች፤
ሦስት ሜትር ከሃያ ላይ፣ በጥፍሯ ጭራ፣ “ደረስን” አለች።
ማታ ቡቷን ስታጥብ፣ “የእኔ ሥራ አይታይም” አለችኝ፤
“ያንተም ከተሠረዘ ወዲያ እኩል ነን” ብላ አሾፈችብኝ።
የዳውሮ ልጆች በባሬላ አሸዋ ጭነው ይሮጣሉ፤
“ሲሚንቶ መጣ?” “አልመጣም”፤ ጠዋት ጠዋት ይጠያየቃሉ።
ሁለት ወር ሥራው ቆመ። አንዲት ፍየል ደረጃውን ወጣች፤
ከአንደኛው ፎቅ ላይ ሆና ሂርማታን ቁልቁል ጎበኘች።

አናጢው ሸምሱ፣ ዋንዛ ጠርቦ በርጩማ ሲያወጣ ያደገ፣
አንድ ማታ ንድፌን ዘርግቶ የተሠረዘውን ፈለገ።
“ይኼ ምን ነበር?” አለኝ፣ ጣቱ በቀዩ መስመር ላይ ሆኖ፤
“ኮርኒስ” አልኩት። ዝም አለ፣ ከጆሮው እርሳሱን መዞ።
ሒሳብ ሠራ በጣውላ ላይ፦ “የመወጣጫው እንጨት ሲፈርስ
አይጣልም፤ ማገር ይሆናል፤ ከሥሩ ቀርከሃ እናልብስ።”
የት እንደተማረ አልጠየቅሁም። ሳልጠይቀው ነገረኝ፦
“ቲቸር ጣሃ ጋ፣ ከኋላ ወንበር። ዝናብ ነው አናጢ ያረገኝ።”

ሰኔ ሲብት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ዴስክ ከመግባቱ ቀደም ብለን፣
ቲቸር ጣሃን ከነከዘራቸው በደረጃው ደግፈን ወጣን።
እኔና ሸምሱ ከኋላ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥን፤
ጅሬን ጠቆረ። ነፋስ መጣ። ቆርቆሮው ሲመታ ጠበቅን።

መታ። ከሩቅ እንደሚንኳኳ፣ እንደ ሌላ ሰው ቤት ዝናብ፤
ከቀርከሃው በላይ ቀረ፤ እታች ይሰማል የሰው ሐሳብ።
“ሳይን” ብለው ጀመሩ ቲቸር፤ ቃሏ ጥርት ብላ ደረሰች፤
ሠላሳ ዓመት የዘገየች ቃል፣ ጫማዋን ሳታረጥብ ገባች።

ከዚያ ዶፉ በረታ።
እሳቸውም ጠመኔውን ቀስ ብለው ኪስ ከትተው፣
እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፣ ፊታቸውን ለመስኮት ሰጥተው።
“ይሰማል እኮ!” አለ ሸምሱ፣ “ቲቸር፣ ይሰማል፤ ይቀጥሉ!”
አልዞሩም።
“ቆዩ፣ እስኪያባራ” አሉ።