የቦዬ ጡብ

ማለዳ ነው፤ ጉሙ ገና ከቦዬ ላይ አልተነሣም፣
ጉማሬው ጆሮውን ካላራገፈ ሌላ ድምፅ አይሰማም።
እኔ ጭቃ እረግጣለሁ እስከ ጉልበቴ ገብቼ፣
ሁለት መቶ ጡብ ላወጣ ከወገቤ ተስማምቼ።

መጀመሪያ ዘኪያ መጣች፣ ከዩኒቨርሲቲው በባጃጅ፣
ጠርሙስ፣ ገመድ፣ ጥቁርና ነጭ ክብ ሳህን በእጅ።
ሳህኑን በገመድ አስራ ወደ ውሃው ሰደደችው፣
ከዓይኗ እስኪጠፋ ለካች፤ ደብተሯ ላይ አሰፈረችው።
"ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር። አምና አርባ ነበር" አለች፤
ቀና ብላ ወደ እኔ አየች፣
እኔን ይሁን አካፋዬን፣ ምንም አልተናገረች።

ቀጥሎ ነጂብ ደረሰ፤ የሱቅ ምልክት የሚጽፈው፣
መርካቶ የወተት ቤቱን ላም ግድግዳ ላይ ያሳረፈው።
ቀለም አልያዘም። ከጉድጓዴ ሦስት ዓይነት ጭቃ ዘገነ፤
ግራጫው ለሰማይ ሲውል፣ ቀይና ጥቁሩ ለእኔ ሆነ።
ጀርባዬን ሣለው፣ ከጉድጓዱ ጋር አንድ አርጎ፣
ሰው የት እንደሚያልቅ፣ መሬት የት እንደሚጀምር ሸሽጎ።
"ፊት የለኝም እንዴ?" አልኩት።
"መቼ ቀና ብለህ!" አለኝ።

"በቀን ስንት ጡብ?" ትላለች ዘኪያ፣ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ።
"ዝናብ ካልደበደበው ሁለት መቶ፣ እስከ ማታ።"
"ማቃጠያው እንጨት ከየት?"
"ከጂሬን ጀርባ፣ ባሕር ዛፍ።"
"አባ ፊጣ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ውሃው እንዲህ የከበደው?"
እኔ ዕድሜን በጡብ እንጂ በዓመት መች ለምጄ ልቁጠረው!
"አባቴ መቆፈር ሲጀምር
እዚያ ማዶ፣ አሁን ጋራዡ ያለበት፣
ባለ ዘውዷ ወፍ ትጨፍር ነበር።"

ብዕሯ ቆመ። ቅጹን ገለጠች፣ መለሰች፣
ወፏን የምታስገባበት ሣጥን አጣች።
ነጂብም ጣቱን ጠረገ፦ "እኔም አላየኋት፤
በወሬ ብሥላት ሰው ዶሮ ነው የሚላት።"

ምን ላድርግ? አካፋዬን ጣልኩ።
በስልሳ ዓመቴ፣ ከነጭቃዬ፣
አንድ እግሬን አነሣሁ፣ ሁለት እጄን ዘረጋሁ፣
አንገቴን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤ ዘለልኩ፣ አረፍኩ፣
እንደገና ዘለልኩ።
የባጃጁ ሾፌር ሳቀ። እነሱ አልሳቁም።
እሷ መጻፍ ረሳች።
እሱ ጣቱ ላይ ጭቃው ደረቀ።

በሳምንቱ አንድ ጠዋት፣ ሊደርቅ ከተሰጣው ጡብ መሃል
አንዱ ላይ ሦስት ጣት ያለው የእግር አሻራ ታትሟል።
የዶሮ ይሁን የእሷ፣ ጠርቼ አላሳየኋቸውም፤
እኔም አጎንብሼ አልመረመርኩም።
ከሌሎቹ ጋር ተቃጠለ፣ ከሌሎቹ ጋር ተጫነ፤
ጅማ ውስጥ፣ አንዱ ግድግዳ ላይ፣ ከልስኑ ሥር ሆነ።