ትርፍ

ሦስቱ ከኋላ ሞሉ። እኔ አራተኛው
ከሾፌሩ ጎን ነኝ፣ በግማሽ መቀመጫ፣
አንድ እግሬ ከውስጥ ነው፣ አንዱ ከዝናቡ፤
ከአጂፕ ወደ ቆጪ፣ በማታ መሯሯጫ
እንደኔ ዓይነቱን ሰው «ትርፍ» ነው የሚሉት፣
ማዞሪያው ሲቃረብ አንገት የሚደፋ
ፖሊስ እንዳያየው።
የጅማ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አይቸኩልም፣
ከግንቦት ጀምሮ አንድ ወሬ ይዟል፣
ገና አልጨረሰም።

ልጁ ፍላሽ ሰካ፤ ጢሙ ገና ጭረት፤
«ጋሼ፣ ይቺን ስማት፣ የዚሁ ልጆች ናቸው፣
የድሮ ናት» አለኝ።
የድሮ! አሥራ አንድ ዓመት።
ጊታሩ ገባበት፦
ጨ — ጨ — ጨ —
በምትና በምት መሐል በተረፈው፣
እግር በማይረግጥበት፣ እዚያ የሚያርፈው።
አወቅሁት።

ሄርማታ፣ የሐጂ መጋዘን፣
እሑድ እሑድ ማታ ሚዛኑን ገፍተን፣
ከጆንያው ክምር ሥር ሽቦ ዘርግተን።
ጣሃ ያስተምረናል፦ «ስካ ይባላል ይሄ፣
ምቱን አሳልፈህ ባዶውን ምታው»፤
«ስካር ነው እንጂ!» እያልን እንስቃለን።
ጦና ከበሮውን በባጃጅ መፍቻ ያጠብቃል፤
የነዚፍ ክንድ አጭር ነው፣
ትሮምቦኑን ሲስበው
የመጨረሻዋ ድምፅ ላይ አይደርስም፣
እሷን በዓይኑ ይነፋታል።

ሙኒራን «ሶል ነው ያንቺ ድምፅ» ቢላት ጣሃ፣
የጫማ ሰፊ ልጅ ናት፣ ከመርካቶ በር፣
«እኔ የማውቀው ሶል
አባቴ በማስቲሽ የሚለጥፈው ነው» አለች፤
ቀጥላ ዘፈነች።
ያን ቀን ገባኝ ሶል፦
ድንጋዩን፣ ጭቃውን፣ ከሰውየው በፊት
የሚረግጠው እሱ ነው፤
ሰውየው ግን አያየው።

እኔ ጥሩምባ ነበርኩ፤ ቀን ሚዛን አነባለሁ፣
ማታ ከንፈሬን አሳብጣለሁ።
ሊቀረጽ የታሰበ ለታ ሐጂ ጠሩኝና
«ቦሳ ቂቶ መኪና ገብቷል፣ ከሊሙ፣
ሁለት መቶ ኬሻ። ትርፍ ሰዓት አለው፣
በእጥፍ» አሉኝ።
ቤት የልጄ ወተት፣ ቆርቆሮው ተፍቋል።
«እስከ ሦስት ሰዓት እመጣለሁ» አልኳቸው።
በስምንት ደረስኩ፤
ሽቦው ተጠቅልሎ፣ በሩ ተዘግቶ፣
ዘበኛው ብቻውን ካርቶን ላይ ተኝቶ፣
«ጠበቁህ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።
አልበሙ ወጣ፤ «የመጋዘን ዝናብ» አሉት።
አንድ ቀን ገዛሁት፤
ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ አለ።

ሦስተኛው ዘፈን መጣ። ሙኒራ አንድ ዙር ጨረሰች።
ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ነበር፣ የጥሩምባ፤
ነዚፍ ሞልቶት ይሆናል፣ አልኩ፣
አጭር ክንዱም ይበቃዋል።
አልሞሉትም።
ጨ — ጨ — ጨ —
ቆርቆሮ ላይ ዝናብ፣ የዚያ ሌሊት ዝናብ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠፈፍ ያላለ፣
ሸራው ላይ ከሚወርደው ከዛሬው ጋር
የቱ የቱ እንደሆነ አልለይ አለ።
«እዚህ ጋ ተበላሽታለች» አለ ልጁ፣
ሊያሳልፋት እጁን ሰደደ፤
«ተዋት!» ሳልል አልቀርም፣ ጮክ ብዬ፣
ከኋላ ያሉት ዝም አሉ።
ጉልበቴ ላይ ሦስት ጣት ተነሣ፤
ከንፈሬን ሰበሰብኩ፣
ትንፋሽ ሳብኩ፤

ፊሽካ!
ከየት እንደወጣ፣ በዝናብ ካፖርት፣
አንገት መድፋቱን ረስቼው ነበር።
«ትርፍ! አንተ፣ ውረድ!»
ወረድኩ።
ልጁን በምክር ለቀቀው፤ ሒሳቤን እንኳ
ሳይቀበል ሄደ፤
ቀይ መብራቱ፣ በመብራቱ ውስጥ ሙኒራ፣
ሁለተኛውን ዙር ይዛ
ወደ ቆጪ ወረደች።

ጫማዬ ሶሉ ለቋል፤ ውኃው በጎን ገባ፤
መንገዱን በእግሬ ያዝኩ።
አንድ እርምጃ፤ ከእርምጃው ኋላ
ጨ —
አንድ እርምጃ፤
ጨ —