ባዶ መስሎኝ

ከዶርም እስከ ካፌ፣ ከካፌ እስከ ክላስ፣
ሦስት መስመር ነበር ኑሮዬ፣ ስሄድና ስመለስ።
ከሞጣ ስወጣ አባቴ የሸኘኝ በአንድ ቃል ነበረ፤
«አንገትህን ደፍተህ ተማር» አለኝ፤ ቃሉ አንገቴ ላይ ቀረ።
እኔም ደፋሁት።
ሁለት ወር ሙሉ ደብረ ማርቆስ ላይ ያወቅሁት
ጫማ ብቻ ነው፤
ባለቤቱን ማን ሊያውቀው!

ኅዳር አጋማሽ፤ የጮቄ ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል፣
የምሳው ሰልፍ አንድ ይራመድና ሁለት ይቆማል፤
ዓይኔን ማሳረፊያ ባጣ ሰሌዳው ላይ ጣልኩት፣
የተለጠፈውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ቆጠርኩት።
የድራማ ክበብ «ንጉሥ የሚሆን ወፍራም ልጅ» ይፈልጋል፣
ቀይ መስቀል ደም ይለምናል፣
የሴቶች ኳስ ቡድን በረኛ ጎድሎታል፣
ሚኒ ሚዲያው «ድምፅ ያለህ ና» ይላል።
የችግኝ፣ የቼዝ፣ የቅኔ ወዳጆች፣
በአንድ ማስቲሽ የተጣበቁ የማይተዋወቁ ልጆች።
በመሀል
አንድ ነጭ ወረቀት። ፊደል የሌለው፣ ባዶ ቅጠል።
«ለጣፊው መጻፉን ረስቶት ነው» ብዬ ሳቅሁ፤
ለሒሳብ ማስሊያ ልገነጥለው እጄን ሰደድሁ።

ጣቴ ቆመ።
ወረቀቱ እብጠት አለው፣ በተርታ እንደ ጤፍ የተለቀመ።
ከኋላዬ አንድ በትር መሬቱን እየቆረቆረ መጥቶ ጫማዬን ነካ፤
እሱም እንደኔ ሰው የሚያውቀው በጫማ ነው ለካ።
«አታንሳው» አለ፣ «የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤
ሦስት ቀኑ ነው፤ ያነበበውም እኔው ነኝ።»
«ምን ይላል?»
«አንባቢ ይፈለጋል።»
«ታዲያ በብዕር ለምን አታስጽፈውም?» አልኩት።
«በብዕር የሚጽፍልኝ ባገኝ፣ አንባቢውንም አገኘሁት!»

ስሙ ይታየው ነው፤ የቢቸና ልጅ፣ ሕግ ሁለተኛ ዓመት።
«አትሳቀቅ» አለኝ፣ «እናቴ ስሜን ያወጣችው ለሙግት፤
ለኔ አይደለም፣ ለእግዜር ነው፤
የሠራው ሥራ ለራሱ ይታየው!»

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከላይብረሪው ጀርባ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ፣
እኔ የውሃ ምህንድስና ተማሪው የቤተሰብ ሕግ ሳነብ፣
ምላሴ በየአንቀጹ ይደናቀፋል፤
እኔ ገጽ ሳልገልጥ እሱ ይጨርሳል።
አንድ ቀን «ይርጋ» የሚል ቃል ደረሰኝ፤
«ይሄ ይርጋ የሚባል ሰውዬ በየገጹ ምን አመጣብኝ?»
ሳቁ የጄኔሬተሩን ጩኸት አሸነፈው፤
ከዚያ ረጋ አለ። «ይርጋ ሰው አይደለም፤ ዘመን ነው፤
መብትህን ሳትጠይቅ ያሳለፍከው።
ማንም አይነጥቅህም፤ ተኝተህ ሳለህ ያልፍሃል፤
ስትነቃ በሩ እዚያው ነው፤ ቁልፉ ግን ተቀይሯል።»
ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤
የሁለት ወር ጫማ ሁሉ በራፌ ላይ ቆሞ ታየኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ሰቃይ አልሆንኩም፤ ካልኩለስ ሲ ሰጠኝ፤
አባቴም በስልክ ተቆጣኝ።
«አንገትህን አልደፋህም?»
«ደፍቻለሁ አባዬ፤ ግን ለራሴ ብቻ አይደለም።»
ዝም አለ ለጥቂት። «ለማን ነው ታዲያ?»
ማስረዳት ጀመርኩ። ካርዱ አለቀ። ምን እንዳለ አላውቅም ከዚያ ወዲያ።

ዘንድሮ ማስታወቂያውን በሁለት ፊደል ለጠፍነው፤
ላዩ በኔ ብዕር፣ ታቹ በይታየው ብሬል ነው።
አንጓች፣ የቡድኑ በረኛ፣ ጉልበቷ ጭቃ እንደሆነ ትመጣለች፤
ታሪክ ታነባለች፤ ጦርነት ላይ ስትደርስ ጎል እንደዳነ ትጮኻለች።
ቅኔዎቹ ሁለት ልከዋል፤ አንደኛው እያነበበ ያንቀላፋል።
የድራማው ንጉሥ እስካሁን አልተገኘም፤ ይታየው
«ቀጭን ንጉሥ የለም ወይ?» ብሎ ተመዝግቧል።

ሰኔ መጣ። ዝናቡ ሰሌዳውን አጠበ፤
የኔ ቀለም ሰማያዊ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተንጠበጠበ።
ዛሬ ሳልፍ ወረቀቱ ነጭ ነው እንደገና፤
አንድ ልጅ ፊቱ ቆሟል፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሰልፉ ረጅም ነው ገና፤
እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።
ምንም አላልኩትም። እስኪያወጣ ልጠብቀው።