ባዶ ቤት ድምፅ አለው

በእርሳስ እለካለሁ የስንጥቄን ቁመት፣
በበሩ መቃን ላይ ልጅ እንደሚለካ በልደቱ ዕለት፤
መጋቢት ሁለት ጣት፣
ሰኔ ላይ አንድ ስንዝር፣
በጥቅምት ከኮርኒሱ ደረሰ፣ ከጣሪያው ሊማከር።
«አዲስ ቤት ነው፣ ማርሊስ» አለኝ የገንቢው ሰው፣
«እስኪረጋ ድረስ ይንጫጫል፤ ተዪው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቼ ኖሬ፣
የፍሬን ማርጀትን አውቀው ነበር በእግሬ፤
የሚረጋ ቤትና የሚታመም ቤት አላምታታም ዛሬ።

ታኮማ ላይ ዝናብ አይዘንብም፤ ይኖራል።
ከባሕሩ ወጥቶ፣ እግሩን ሳይጠርግ፣ ደረጃ ይወጣል፤
በረንዳ ላይ ያድራል፣
የመስኮቱን ጠርዝ በጥፍሩ ይዳብሳል፤
ላስቲክ ማንጠፍ የረሳ፣
ሚስማር የቆጠበ፣
አርብ ከሰዓት ለመውጣት የቸኮለ ሠራተኛ ካለ፣
ማንም ሳይነግረው
እሱ ያገኘዋል።

ቱዋን ከሶፋው ጀርባ ግድግዳውን ቢቀድ በካራ፣
ምሰሶውን በማንኪያ ዛቀው፤ ገንፎ የመሰለ፣ እንጉዳይ ያፈራ።
የዴልፊንን ሕፃን ከመስከረም ወዲህ ሳል አልተወውም፤
ከአልጋው ራስጌ ያለው ጥቁረት ይመለሳል፣ ሦስቴ ቢቀቡትም።

አቤት ልንል ወረድን፣ ከጋራዡ ጎን ወዳለችው ክፍል።
ዳኛውም እሱ ነው፣ ተከሳሹም እሱ፣
ቃለ ጉባኤ ያዥዋ የወንድሙ ሚስት፤ ብዕሯም የራሱ።
«መሐንዲስ እንቅጠር፣ የራሳችንን» አልን።
ሠላሳ አምስት እጅ ተነሣ፦
የነርስ እጅ፣ አንድ ጣት የጎደለው የአናጺ እጅ፣
ቀለበቱ አልወጣ ያለው የእኔ እጅ።
ሃልቨርሰን አንድ እጁን አነሣ። ሰዓቱን የሚያይ መስሎኝ ነበር።
«ያልተሸጡት ቤቶች አሥራ ሦስት ናቸው፤
በውሉ መሠረት ሦስት ሦስት ድምፅ አላቸው።
ገጽ ዘጠና አንድ። ፈርማችኋል።»
ሠላሳ ዘጠኝ።

እንግዲህ እወቁት፣ ባዶ ቤት ድምፅ አለው።
የማይስል፣ የማያበስል፣ ወርሃዊ መዋጮ የማይጠየቀው፣
አምፖል እንኳ የሌለው፣
ከእኔ ሦስት እጥፍ ይናገራል፣ ዝም ብሎ።
እኔም ሌሊት ሌሊት እሰማዋለሁ፣
ከራሴ በላይ፣ ከአራት መቶ ዘጠኝ፣
ጠብ…
ጠብ…
ድምፁን ይሰጣል።

ጠበቃዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፦
«የክስ ጊዜ ገደብ አለው፤ እየነጎደ ነው።
እሱ ወንበሩ ላይ ሳለ ማኅበሩ አይከሰውም።
ከአርባ ስምንቱ ሠላሳ ስድስቱ ሲሸጡ ይነሣል፤
ስለዚህ ሠላሳ ስድስተኛው አይሸጥም።»
አንድ ቤት! አንድ ቤት ብቻ ነው ያነሰን፤
ቤት እንዳልሞላለት ግጥም አንካሳ ሆንን።

ዊልበርት ነው ያሰበው። ዊልበርት፣ በስብሰባ ሁሉ የሚያንቀላፋው።
ጀልባውን ሸጠ።
ዴልፊን የሠርጓን ወርቅ፣ ቱዋን የሱቁን ሁለተኛ ወንበር፣
እኔም ለቀብሬ ያስቀመጥኩትን።
የቱዋን አክስት ኮፍያ አድርጋ እንደ ሀብታም ገባች ሽያጭ ክፍል፤
ሻጯ ልጅ ሴራ አታውቅም፣ የምታውቀው ኮሚሽን ነው፤
ሃልቨርሰን ደግሞ ያን ሳምንት አሳ ሊያጠምድ ሄዶ ነበር።
«ርካሹ የቱ ነው?» «አራት መቶ ዘጠኝ፤ ትንሽ እርጥበት ይሸታል።»
ርካሽም ሆኖ ርካሽ አልነበረም።
የሚያፈስ ቤት ገዛን፣ ዋጋ ሳንከራከር፤
ለበደለን ሰው ካሳ ከፈልን፣
ልንከሰው።

ቁልፉ በመጣ ማታ ሁላችንም ወጣን።
ወንበር የለም። መብራት የለም።
በስልካችን ብርሃን የግድግዳውን ካርታ አየን፤
ደሴቶች፣ ወንዞች፣ ስም ያልወጣለት አረንጓዴ አገር።
ማንም እንኳን ደስ አለን አላለም።
እርሳሴን አወጣሁ፣ ቀኑን ጻፍኩ።
ቱዋን ድስት አስቀመጠ ከመካከላችን፤
ዝም ብለን ጠበቅን፣ አንገታችንን ቀና አድርገን።

ጠብ።

«ቁጠሩት» አለ ዊልበርት።