እሾህን በፊደሉ

ዳኑብ ጠርዙ ላይ ገና በረዶ እንዳዘለ፣
ትራክተር ይሸጥበት በነበር አዳራሽ እጅጌ ተጠቀለለ።
«የቱን ይመርጣሉ?» ይላል የምዝገባው ቅጽ፣
ልክ እንደ ምግብ ቤት ዝርዝር፣ አራት ስም በአንድ ገጽ፤
የጀርመን፣ የሩሲያ፣ የእንግሊዝ፣ የቻይና።
ስፓሶዬ ሳቀ፦ «መንግሥት አማርጦኝ አያውቅም ገና!»

ስፓሶዬ በኖቪ ሳድ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ ነው፣
አርባ ዓመት መሰላል ላይ የኖረ ሰው።
በሰርቦች አገር አንዱ ቃል ሁለት ልብስ አለው፤
የዳቦ ቤቱን ስም ፊት ለፊት በሲሪሊክ ይጽፈዋል፣
ማዕዘኑን ሲዞር በላቲን ይደግመዋል፤
ሽታው ግን አይለያይም፤
ፊደል ስለተቀየረ ሊጥ ኩፍ ማለቱን አይተውም።

እሱ የቻይናውን ተወጋ፤ ሚስቱ ሊዩቢንካ የጀርመኑን፤
ወንድሟ ቲሆሚር የሩሲያውን፣ በምርጫም በክትባትም ሳይለቅ ጎኑን፤
ላብራቶሪ የምትሠራው ልጃቸው ያሴንካ
የእንግሊዙን ወሰደች፤ ወረፋው አጭር ነበር ለካ።

ማታ፣ የአራቱም ክንድ ሲጠዘጥዝ፣
የዱባው ጥቅልል ሲቆረስ፣ ወሬ ሲመዘዝ፣
«እስቲ ንገሪን» አለች እናት፣ «ምን ጽፈው ነው የወጉን?»
ያሴንካ እርሳስ አነሳች፤ ሳበች የጋዜጣውን ጠርዝ፣ ባዶውን።

«ቫይረሱ እሾህ አለው፤ የሴልን በር የሚከፍትበት።
አራት ፊደል ብቻ ናቸው እሾሁ የሚጻፍበት፤
ሦስት ሦስቱ ሲጣመር ይሆናል አንድ ቃል፣
በሺህ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ቃል ታሪኩ ያልቃል።
አንዱን ቃል ግን በሁለት፣ በሦስት፣ እስከ ስድስት ዓይነት መጻፍ ይቻላል።»

(እኔ እዚህ ላይ ያሰብኩት ንጉሡን ሠ፣ እሳቱን ሰ፤
በየትኛው ቢጻፍ ነው ሰው ሰውነቱ ያነሰ?)

«እማዬ፣ ያንቺ በአርኤንኤ ነው። ድምፁን ሳይነኩ ሆሄውን ለዋወጡ፣
ሴል ሳይደናቀፍ የሚያነበውን አጻጻፍ መረጡ፤
ዩ የምትባለውን ፊደል ካለችበት ሁሉ ነቅለው
በመልክ የምትቀርባትን ተኩ፣ የገላ ዘብ አይቶ እንዳይበጥሰው።
ወደ መጨረሻው ግድም ግን ሁለት ቃል የምር ቀየሩ፤
ወጥመዱ ሳይፈናጠር ምላሱን በሁለት ሚስማር አሠሩ።

የአጎቴ በዲኤንኤ ነው፣ እንዲሁም የእኔ፤
መጀመሪያ መገልበጥ አለበት ወደ አርኤንኤ።
የሱ በሁለት ፈረስ ይመጣል፣ ሁለቱም የሰው ጉንፋን፤
የኔን የቺምፓንዚ ጉንፋን አዘለው፣ ልጓም አስገብተን።
እሾሁን ግን ሁለቱም እንዳገኙት ተዉት፤
ሚስማር አልመቱበትም፤ እንደ ጥንቱ ጻፉት።»

«የኔስ?» አለ ስፓሶዬ።
እርሳሱ ቆመ።
«አባዬ... ያንተ አልተጻፈም።
ቫይረሱን ራሱን ገድለው፣ ሬሳውን ከነእሾሁ ነው ያመጡልህ።»

አርባ ዓመት ለከተማ የጻፈ ሰው፣
አንዲት ፊደል አልደረሰችው።

ቲሆሚር ጠረጴዛ መታ፦ «ሽብልቅ በሽብልቅ ይወጣል!»
(በነሱ አገር ሽብልቅ ነው፤ በኛ እሾህ በእሾህ ይነቀላል።)
«የአባዬ እንዲያ ነው» አለች ያሴንካ፣ «የኛን ግን ተወው፤
የኛ እሾህ አልነበረም፣
የእሾህ አጻጻፍ ነው።»

«ታዲያ ይቀራል? እዚህ፣ ክንዴ ውስጥ?» ሊዩቢንካ ጠየቀች።
«ያንቺ ብዙ አይቆይም፤ ገላ አንብቦ ይቀደዋል» አለች፤
«ያነበበው ነው እንጂ የሚያስታውስ፣
ወረቀቱ እንኳ ቢፈርስ።»
ስፓሶዬ መስኮቱን በመዳፉ ጠረገ፤
ማዶ የዳቦ ቤቱ ሰሌዳ፣ የራሱ እጅ ጽሑፍ፣ በዝናብ የተላገ፣
ከላቲኑ ሁለት ፊደል፣ ከሲሪሊኩ አንድ ቀርቶታል።
ቅቡን አድስ ያለው የለም፤ ክረምቱ እንዲሁ አልፎታል።

በማግስቱ ማለዳ በረዶው ላይ ሰልፍ ነበረ፤
ቀና ብሎ ሰሌዳ ያየ አልነበረ።
ተራው ሲደርስ የተወጋ ክንዱን አሸት አድርጎ
«ሁለት» አለ፣ «ጥቁሩን»፣ ሳንቲሙን ከኪሱ ፈልጎ።